ሦስት ሲኒ ለሦስት ሰው፦ በበዓል ሰሞን ከድክ ድክ ባዮች ጋር መቁጠርና የጣት ሥራ

(በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ መንደር ለወላጆች፣ ለአያቶችና ለሞግዚቶች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ጭቃ ልጅ አዝላችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ልጆቹ ቢጮኹም ቢሮጡም አትሳቀቁ፤ የምንነጋገረው ስለ እነሱ ነው።

ጳጉሜን ደርሳለች። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 11 ባሉት አራት ወራት ውስጥ እንቁጣጣሽ፣ ደመራና መስቀል፣ ኢሬቻ፣ ገና፣ ጥምቀት ይደራረባሉ። የኢድ በዓላት ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያሉ ይመጣሉ። በዚህ ሁሉ ግርግር ቤት ውስጥ ሥራ ያልያዘ ሰው ቢኖር ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለው ልጅ ብቻ ነው። «ዞር በል»፣ «አትንካ»፣ «ትሰብረዋለህ» ሲባል ይውላል። ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው አንድ ነገር ነው፦ ያ አትንካ የሚባለው ሥራ፣ ማደሉ፣ መደርደሩ፣ መጎዝጎዙ፣ ከየትኛውም የተገዛ መጫወቻ ይልቅ ቁጥርንና የጣት ቅልጥፍናን ያስተምራል። መርካቶ መውረድ አያስፈልግም። ጠረጴዛው ላይ የምታዩትን ዕቃ ሁላችሁም ቤት ውስጥ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ መቁጠር አንድ ነገር እናጥራ። ቁጥር መጥራትና መቁጠር አንድ አይደሉም። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ እስከ አሥር ሲወርድ ቤተሰብ ደስ ይለዋል፤ እንግዳ ሲመጣም «እስቲ ቁጠርላቸው» ይባላል። ያንኑ ልጅ ፊቱ ስምንት የፕላስቲክ ኩባያ ደርድራችሁ «ሦስት ስጠኝ» ብትሉት ግን እጁ የደረሰበትን ሁሉ እያነሣ ሲሰጣችሁ ታያላችሁ። አልተሳሳተም። ለእሱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለት እንደ «እሹሩሩ» ዜማ ነው። ካረን ዊን የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 እና በ1992 ባሳተመቻቸው ጥናቶች ይህንኑ «ይህን ያህል ስጠኝ» የሚል ጨዋታ ተጠቅማ ልጆች የቁጥርን ትርጉም በተራ እንደሚይዙ አሳይታለች። መጀመሪያ «አንድ» ትርጉም ያገኛል፤ ከወራት በኋላ «ሁለት»፣ ከዚያ «ሦስት»። ከዚያ በኋላ ነው ልጁ የመጨረሻው ቃል የጠቅላላው ብዛት መሆኑ የሚገባው። ይህ ጉዞ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ስለዚህ ለሁለት ዓመት ልጅ ግባችን «አንድ» እና «ሁለት» ነው፤ ወደ ሦስት ዓመት ለተጠጋው «ሦስት» ይጨመርለታል። ከዚያ በላይ ያለው ዜማ ይሁንለት፤ ዜማም አይጎዳም፣ ቅደም ተከተሉን ያስይዘዋል። አሥር ዕቃ ፊቱ ዘርግፎ «ቁጠር» ማለት ግን ሁለታችሁንም ከማድከም ሌላ ጥቅም የለውም።

እጅን በተመለከተ፣ አብዛኛው ልጅ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መቆንጠር ይጀምራል። ከዓመት በኋላ ደስታው ዕቃ ውስጥ መክተትና መገልበጥ ነው። በ18 ወር አካባቢ ሦስት አራት ነገር ይቆልላል፤ በሁለት ዓመቱ ወደ ስድስት ይደርሳል። ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጋ ትላልቅ ዶቃ በክር ይሰካል፣ ክብ አይቶ ክብ ለመሥራት ይሞክራል፣ በመቀስ ጫፍ ጫፉን ይቆነጥራል። ልጅ ከልጅ ይለያያል፤ የጎረቤት ልጅ ስለቀደመ አትደንግጡ።

እጅና ቁጥር አብረው የሚሄዱበት ምክንያት ይህ ነው፦ ልጁ የተቆጠረውን ካልተቆጠረው መለየት አለበት። በዓይን ብቻ ከሆነ ይጠፋበታል፤ አንዱን ሁለቴ ይቆጥራል፣ ሌላውን ይዘለዋል። አንሥቶ ወዲያ ካስቀመጠው ግን አለቀ፤ የተቆጠረው ወዲያ፣ የቀረው ወዲህ ነው።

የአማርኛ ቁጥሮቻችን አንድ ወጥመድ አላቸው። «ሁለት»፣ «አራት»፣ «ዘጠኝ» እያንዳንዳቸው በሁለት ምት ነው የሚባሉት። ትንሽ ልጅ በጣቱ እየጠቆመ ሲቆጥር «ሁ» ላይ አንዱን ዳቦ፣ «ለት» ላይ ሌላውን ይነካል። ሦስት ዳቦ በ«ሁለት» ያልቅበታል። መፍትሔው ጣት ማስጠቆምን ትቶ ዕቃውን ማንቀሳቀስ ነው። ቃሉም ዕቃው መሬት ሲነካ ይባል፤ ሲነሣ ወይም በአየር ላይ እያለ አይደለም። «አንድ» ብላችሁ አንድ እስትንፋስ ቆዩ። ስትፈጥኑ ነው የሚጠፋው።

ሌላው ስህተት ቆጥሮ እንደጨረሰ «ስንት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ልጁ መልሶ ከአንድ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ለእሱ ጥያቄው «እንደገና ቁጠር» ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ መልሱን ራሳችሁ ስጡት። «ሦስት ዳቦ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ዳቦ።» ብዛቱን መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ስሙን ጥሩለት።

በዚህ በእኛ ዳርቻ ብዙ ቤት ኦሮምኛም አማርኛም ይነገራል። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ማለት ልጁን ያደናግረዋል ብላችሁ አትፍሩ። በአንድ ዙር ውስጥ ግን ቋንቋ አትቀላቅሉ። አያት በኦሮምኛ ከጀመሩ በኦሮምኛ ይጨርሱ፤ ቀጣዩ ዙር በአማርኛ ይሁን። ዕቃዎቹ ያው ሲሆኑ ልጁ ብዛቱ እንዳልተለወጠ ያያል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ መታነቅ እንናገር፤ በበዓል ሰሞን ከትልልቆቹ አደጋዎች አንዱ ይህ ነው። የሽንት ቤት ወረቀት ሲያልቅ የሚቀረውን ጥቅል ካርቶን ሳትጥሉ አስቀምጡት። በዚያ ቀዳዳ የሚያልፍ ማንኛውም ዕቃ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ መጫወቻ አይሆንም። የውሃ ጠርሙስ ክዳን ያልፋል። ባቄላና ሽምብራ ያልፋሉ። ሎሚያችን ትንሽ ስለሆነ አንዳንዱ ያልፋል፣ አንዳንዱ አያልፍም፤ እየለካችሁ ምረጡ። ፈንዲሻ፣ ቆሎና ኦቾሎኒ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በመብልም ቢሆን አይሰጡት። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው መሬት ለመሬት ስለሚበተን፣ ሰፌዱን ከፍ ያለ ቦታ አድርጉ፣ ቄጤማው ላይ የወደቀውንም ልቀሙ።

ሁለት ነገር ደግሞ በጥብቅ እናስጠነቅቅ። በየባዶ ቦታው የሚበቅለው ጉሎ ፍሬው ዝንጉርጉርና የሚያምር ስለሆነ ለመቁጠሪያ የሚመች ይመስላል፤ ግን ሪሲን የሚባል ገዳይ መርዝ አለበት፣ ቢታኘክ ጥቂት ፍሬ ለሕፃን ሕይወት አስጊ ነው። ከቤታችሁ አታድርሱት። ሌላው ብልጭ ድርግም በሚሉና በሚዘፍኑ የበዓል መጫወቻዎችና ካርዶች ውስጥ ያለው የልብስ ቁልፍ ቅርጽ ያለው ትንሽ ክብ ባትሪ ነው። ልጅ ቢውጠው ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ሊያቃጥል ይችላል። ባትሪው በብሎን ያልታሰረ ከሆነ ዕቃውን አትግዙ፤ ልጁ ውጦታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ሲኒው እንምጣ። ከሁሉ ይህን ያስቀደምነው በየበዓሉ ስለሚመለስ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት ቡና አለ።

ሸክላውን ሲኒ ተዉት፤ ሦስት የማይሰበር የፕላስቲክ ኩባያ ይበቃል። ሦስት ሰው ይቀመጥ፤ እናት፣ አያት፣ ልጁ ራሱ። ኩባያዎቹ ትሪ ላይ ይሁኑ። ልጁ አንድ አንድ እያነሣ ያድላል፤ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሄዶ፣ ፊታቸው ያስቀምጣል። ኩባያው ሲቀመጥ «አንድ ለእማዬ» ይባላል፤ «አንድ ለአያቴ»፣ «አንድ ለእኔ»። ሦስቱም ሲዳረሱ «ሦስት ሰው፣ ሦስት ሲኒ» በሉ። ለሁለት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ የለም፤ አንድ ሰው አንድ ሲኒ የሚለው ነገር ራሱ የሒሳብ መሠረት ነው።

ዕድሜው ከሁለት ዓመት ተኩል ካለፈ ለሦስት ሰው ሁለት ኩባያ ብቻ ስጡት። አድሎ ሲጨርስ አንድ ሰው ይቀራል። ወዲያው አትንገሩት፤ ያ ባዶ እጁን የተቀመጠው ሰው እጁን ይዘርጋና ይጠብቅ። ልጁ ትሪውን ያያል፣ ሰውየውን ያያል፣ ሌላ ኩባያ ፍለጋ ይሄዳል። አእምሮው የሚሠራው በዚያች ቅጽበት ስለሆነ አትሻሙት።

እዚህ ላይ ምን ይበላሻል? ኩባያዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ስትሰጡት እየደራረበ ይቆልላል። ያ ጥፋት አይደለም፤ የ18 ወር እጅ ሥራው መቆለል ነው። ይቆልል፣ ማደሉ በሌላ ቀን ይደርሳል። ሁለተኛው፣ ከሰልና ጀበና ባለበት መሞከር ነው። ይህ ጨዋታ ቄጤማው ከተጎዘጎዘ በኋላ፣ እሳቱ ከመያያዙ በፊት ይሁን። እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ልጁ በአንድ ሰው ጭን ላይ ይቀመጥ እንጂ በረከቦቱ ዙሪያ አይዙር።

ሦስት ዓመት ለሞላው ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አሉለት። እያንዳንዱ ዙር ሲቀዳ አንድ ማንኪያ ትሪው ላይ ያስቀምጥ። በረካ ሲደርስ ሦስት ማንኪያ ተደርድሮ ይታያል። ጊዜ ራሱ ሊቆጠር እንደሚችል ለልጅ የሚያሳይ ከዚህ የቀለለ ነገር አናውቅም።

ይህ በእጄ የያዝሁት 400 ግራም የዱቄት ወተት የነበረበት ጣሳ ነው። ፕላስቲክ ክዳኑ ላይ 7 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ በቢላ ተከፍቷል። የተቆረጠው ጠርዝ ስለሚፍቅ ዙሪያው በፕላስተር ተለብጧል። የጣሳውንም አፍ በጣታችሁ ዳስሱት፤ ስለት ካለው እሱንም ለብጡ። አምስት ክብ ካርቶን አለ፤ በሲኒ አፍ ዙሪያ ተሥሎ የተቆረጠ፣ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የብስኩት ማሸጊያ ካርቶን ይተጣጠፋል፤ የዘይት ወይም የሳሙና ካርቶን፣ ያ ወፍራሙ፣ ይሻላል። ላዩ ላይ አደይ አበባ ብትሥሉበት የእንቁጣጣሽ ጣሳ ሆነ።

ልጁ ክቡን ይይዛል፣ በስንጥቁ ልክ አንጓውን ያዞራል፣ ይለቀዋል። ይህ አንጓን ማዞር በኋላ ቁልፍ ለመክፈትና ማንኪያ ሳይደፋ ወደ አፍ ለማድረስ ያገለግላል። ሲወድቅ ጣሳው ድም ይላል። ቃሉን በድምፁ ላይ አድርጉት፦ ድም፣ «አንድ»፤ ድም፣ «ሁለት»። ድምፁ ስለሚለያየው ቁጥሩ አይጋጭም። ከሁለተኛው በኋላ ካርቶን ካርቶን ላይ ስለሚወድቅ ድምፁ ይደክማል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ከገባ በኋላ ገልብጡና እንደገና ይጀመር። መገልበጡን ለእሱ ተዉለት፤ ግማሹ ደስታ እዚያ ነው።

ስንጥቁን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ አድርገው የሚሠሩ አሉ። ልጁ ካርቶኑን አፉ ውስጥ ያደርገዋል፣ ካርቶኑ ያብጣል፣ አይገባም፣ ይናደዳል፣ ጣሳውን ይወረውረዋል። ስፋቱን አትሰስቱ። ዓመት ከሦስት ወር ላልሞላው ደግሞ ስንጥቁ ይቅር፤ ክዳኑን አውልቁና የተጠቀለለ ካልሲ ይክተትበት።

የእንቁጣጣሽ ሥዕል። ወንዶች ልጆች በመስከረም 1 ሥዕል ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ድክ ድክ የሚለው ልጅም፣ ሴቷም ወንዱም፣ የራሱን መሥራት ይችላል። ቀለሙን ቤት አዘጋጁ፦ 3 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ እርድ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፤ እንደ እርጎ እስኪሆን ምቱት። ቀለሙን በሳህን አትስጡ፤ ሙሉ እጁን ይነክራል። በጣሳ ክዳን ላይ እርጥብ ጨርቅ አጥፋችሁ ቀለሙን እሱ ላይ አፍስሱ፤ ጣት ሲነካው የሚበቃውን ብቻ ያነሣል። ወረቀቱ ላይ በ5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሦስት አረንጓዴ አገዳ ሥሉ። እያንዳንዱ አገዳ ጫፍ ላይ አንድ የጣት አሻራ ያርፋል። አገዳው ራሱ ቦታውን ይነግረዋል፤ ባዶ አገዳ ካለ አበባ ይቀራል ማለት ነው። ሦስተኛው እንዳለቀ ቀለሙን ወደ ሌላ ወረቀት አዛውሩለት፣ እዚያ እንደፈለገ ይለቅልቅ። ያለዚያ ሦስቱ አበባ አንድ ቢጫ ኩሬ ይሆናል።

እርድ ከልብስ አይለቅም፤ አሮጌ ልብስ ይልበስ። ቀለሙ ካደረ ስለሚሸት በዕለቱ ይደፋ። የሚቻል ከሆነ ወረቀቱን ወለል ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ በልጁ ደረት ትይዩ ለጥፉት። ቆሞ በቀጥታ ወደ ፊት ሲሠራ ትከሻውና አንጓው አብረው ይጠነክራሉ።

እውነተኛው አደይ አበባ በዚህ በእኛ ዳርቻ እስከ አሁን በር ላይ አለ። ስትቆርጡ ከጤፍ ማሳ ዳር ራቁ፤ በክረምቱ ፀረ አረም መድኃኒት ይረጫልና። ንብ ወይም ጉንዳን እንዳለበት አራግፉ። አምስት አበባ፣ አገዳቸው 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጥ። የፓስታ ማጥለያ ትሪ ላይ ተደፍቶ ይቀመጥ፤ ልጁ በየቀዳዳው አንድ አንድ ይሰካል። አገዳው ቀጭን ስለሆነ በሙሉ እጅ ከጨበጠው ይታጠፋል፤ ታችኛው ጫፍ አጠገብ እንዲይዝ እጁን ሳትነኩ በራሳችሁ አበባ አሳዩት። ከሰዓት በኋላ ስለሚጠወልግ ጠዋት ይሻላል። ለኢሬቻም ሣሩና አበባው ሲዘጋጅ ያው ሥራ አለ፤ ሦስት ሣር አንድ ላይ ይዞ መጭበጥ።

ቄጤማውን ማንም ሰው ጎዝጉዞ ይጨርሳል። ከዚያ ውስጥ አንድ እፍኝ ለልጁ አስቀሩለት። አንዱን እጅ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ እየሳበ መቅደድ ሁለቱ እጆች የተለያየ ሥራ እንዲሠሩ ያደርጋል። አንዳንዱ ቄጤማ ጠርዙ ስለት አለው፤ ለስላሳውን መርጣችሁ ስጡት።

ለደመራ ሊጥ ያስፈልገናል። አንድ ኩባያ ዱቄት፣ ሩብ ኩባያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ኩባያ ውሃ። በድስት በጥብጣችሁ በለስላሳ እሳት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አማስሉት፤ ከድስቱ እየለቀቀ አንድ ላይ ሲጠቀለል አውጡት፣ ሲበርድ እሹት። በላስቲክ ተጠቅልሎ ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ሳምንት ይቆያል። ጨው የሚገባው እንዳይበላሽ ነው። ሁሉን ወደ አፉ ለሚያስገባ ልጅ ግን ጨው ያለበትን ሊጥ አትስጡ፤ ብዙ ጨው ለሕፃን አደገኛ ነው። ለእሱ ጨውን አውጡና ያንኑ አብስሉ፣ ከአንድ ቀን በላይ አታቆዩት። ጥሬ ሊጥም ቢሆን በጀርም ምክንያት ባይበላ ይሻላል፤ ለድፎ ዳቦ ስታቦኩ ቆርሳችሁ ከሰጣችሁት ከአጠገቡ አትራቁ።

ሊጡ የአዋቂ ጡጫ ያህል ሆኖ ትሪ ላይ ጠፍጠፍ ይደረግ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው። ቀጭን ከሆነ የተሰካው ሁሉ ይወድቃል። መሰኪያው ወፈር ያለ ስትሮ ነው፤ በ12 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ሰያፍ ያልሆነ። ስንደዶ ያምራል፣ ግን ጫፉ ዓይን ይወጋል። አንዱን ረጅም መሃል ላይ እናንተ ሰክታችሁ ስጡት፤ ልጁ ዙሪያውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይሰካል። ሊጡን ተጭኖ ማስገባት የጣት ጡንቻ ይጠይቃል፤ ካቃተው ሊጡ ደርቋል ማለት ስለሆነ በጥቂት ውሃ አለስልሱት። በሚቀጥለው ቀን እውነተኛው ደመራ ሲለኮስ በትከሻ ላይ ሆኖ ከሩቅ ያየዋል፤ የራሱን ደመራ ያስታውሰዋል።

ቡሄም ሲመጣ በዚሁ ሊጥ ሙልሙል ይጠቀለላል፦ ትልቅ ሙልሙል፣ ትንሽ ሙልሙል፣ ሁለት ሙልሙል።

ለገናና ለፋሲካ ዕንቁላል አለ። 30 ዕንቁላል ከሚይዘው ካርቶን ሦስት ጎድጓዳ ያለውን ዘርፍ ቁረጡ። ሦስት ዕንቁላል ቀቅሉ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃችን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ መጽሐፍ ላይ ያለው 10 ደቂቃ እዚህ አይበቃም፣ 13 ደቂቃ ስጡት። ሲበርድ ልጁ በየጎድጓዳው አንድ አንድ ያስቀምጣል። ሁለት ዕንቁላል አስቀምጦ አንድ ባዶ ሲያይ «ሁለት አለ፣ አንድ ይቀራል» በሉት። ከዚያ ይላጥ፤ ቅርፊት መላጥ ለጣት ጫፍ ከብዙ መጫወቻ ይበልጣል፣ ጊዜም ይወስዳል፣ አታጣድፉት። ከተቀቀለ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ ዕንቁላል ግን አይበላ። ሲበላም ተቆራርጦ ይሁን።

ስለ ዶሮው 12 ብልት የሚጠይቁን አሉ። 12 ለዚህ ዕድሜ ሩቅ ነው። «ሁለት እግር፣ ሁለት ክንፍ» ግን ልክ ነው፤ ዶሮዋ በሕይወት እያለች ግቢ ውስጥ፣ ወይም ወጡ ቀርቦ። ጥሬ ሥጋውን ልጁ አይንካ።

በኢድ ጠዋት ቴምር ለየሰው አንድ አንድ ማደል እንደ ሲኒው ነው። የልጁ ድርሻ ፍሬው ወጥቶ፣ በቁመቱ ለአራት ተሰንጥቆ ይቅረብ። ለገና ደግሞ በጽድ ቅርንጫፍ ላይ የልብስ መቆንጠጫ መሰካት ይቻላል፣ ግን ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት አትሞክሩ፤ ሽቦው ጠንካራ ስለሆነ ጣቱን ይቆነጥጠውና ሁለተኛ አይነካውም። ያረጀ፣ የላላ መቆንጠጫ ምረጡ።

ሁሉም ሥራ ከፍ ያለ ጠርዝ ያለው ትሪ ላይ ይሁን፤ ኮንዶሚኒየም ቤት ጠባብ ነው፣ ዕቃው አልጋ ሥር ሲገባ ጨዋታው ያልቃል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሳይራብና እንቅልፍ ሳይመጣበት ይሁን። ፊቱን ካዞረ አብቅቷል፤ ሰብስቡና በማግስቱ ያንኑ አምጡ። አዲስ አዲስ ነገር ከማምጣት ያንኑ ሦስት ሲኒ አሥር ቀን መደጋገም ይበልጣል።

ዛሬ ማታ የሚጀመር አንድ ሥራ እንስጣችሁ። ከአሮጌ ጋዜጣ 3 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አምስት ቁራጮች አውጡ፣ በዱቄት ሙጫ እንደ ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት አያይዙ። እያንዳንዱ ቀለበት የጳጉሜን አንድ ቀን ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ እንደ 2015 እና እንደ 2019 ባለው ዓመት፣ ስድስት ይሁን። በየማታው ልጁ አንዱን ይቀድዳል። የሁለት ዓመት ልጅ ቀን መቁጠር አይገባውም፣ አይጠበቅበትምም፤ «አንድ ቀደድን» ይበቃዋል። ታላቁ ወይም ታላቋ የቀሩትን ይቆጥራሉ። የመጨረሻው ቀለበት ሲቀደድ በማግስቱ አበባው ይመጣል።

ከእናንተ የመጡ ጥያቄዎችን እንመልስ። ስልክ ላይ ስላለው የቁጥር ቪዲዮ ተጠይቋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥ፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው ይላል። ቪዲዮው ቁጥር ይጠራል፤ ልጁ የሚጨብጠው ነገር ግን የለም።

ስለ ግራ እጅ የጠየቁ እናት አሉ። ግራውን የሚያስቀድም ልጅ አይቀጣ፣ እጁም አይታሰር። የትኛው እጅ እንደሚያይል አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ይለያል። ኩባያውን መሃል ላይ፣ በደረቱ ትይዩ አስቀምጡና የሚያነሣበትን ራሱ ይምረጥ። እንጀራ ሲቆርስ በቀኝ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ያን በጊዜው፣ ሲገባው፣ በለሆሳስ ትነግሩታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዓመት ሳይሞላው ወይም ገና ዓመት ሲሞላው ሁልጊዜ አንዱን እጅ ብቻ የሚጠቀም፣ ሌላውን ጨብጦ የሚይዝ ወይም የማያንቀሳቅስ ልጅ ካለ፣ ያ የእጅ ምርጫ ላይሆን ይችላል፤ የሌላኛው እጅ ድካም ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ዓመት ከሦስት ወር ሆኖት በሁለት ጣቱ ምንም የማይቆነጥር፣ ወይም ይችል የነበረውን ያቆመ ልጅ ካለ በዓሉ እስኪያልፍ አትጠብቁ። የክትባት ካርዱን ያዙና ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የትኛውን እጅ እንደማይጠቀምና ይህን ያያችሁት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በቀኑ ጽፋችሁ ሂዱ።